ከወራት በኋላ፦ የጨው ውሃ መመርመሪያ ሳጥኔ በምኑ ይታመናል?

ይህን በጠብታ የሚሠራ የውሃ መመርመሪያ ሳጥን የገዛሁት ትንሹን የኮራል አኳሪየሜን በጀመርኩ ሰሞን ነው። አሁን ከግማሽ ዓመት በላይ ሆኖታል። ውስጡ የአልካሊኒቲ (በአብዛኛው ውሃው ውስጥ ያለው የካርቦኔትና የባይካርቦኔት መጠን)፣ የካልሲየም፣ የማግኒዚየም፣ የናይትሬትና የፎስፌት መመርመሪያዎች አሉት። አምስቱም እኩል አይደሉም። የአልካሊኒቲው ብቻውን የሳጥኑን ዋጋ ያወጣል። የፎስፌቱ ግን ባይኖርም አይጎድልብኝም።

ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከካልሲየምና ከካርቦኔት ነው። ሁለቱም አብረው ይቀንሳሉ፤ ጉድለቱ ቶሎ የሚታየው ግን በአልካሊኒቲ ላይ ነው። የባሕር ውሃ በተፈጥሮው 7 ዲኬኤች (dKH፣ የአልካሊኒቲ መለኪያ) ገደማ አልካሊኒቲ አለው። ካልሲየሙ ደግሞ በሊትር 420 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። ኮራሎቹ 1 ዲኬኤች ሲወስዱ ካልሲየሙ የሚወርደው በ7 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ይህን ያህል ለውጥ በቤት ውስጥ የካልሲየም ምርመራ መለየት ከባድ ነው። አልካሊኒቲው ግን ወዲያው ይናገራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። 5 ሚሊ ሊትር ውሃ በስሪንጅ ቀድተው ብልቃጡ ውስጥ ይጨምራሉ። ከዚያ እያንጠባጠቡ፣ እየነቀነቁ ይቆጥራሉ። ሰማያዊው ውሃ ቢጫ ሲሆን የጠብታው ቁጥር ዲኬኤቹ ነው። ችግሩ አንድ ጠብታ አንድ ሙሉ ዲኬኤች መሆኑ ነው። 7 ይሁን 8 እርግጠኛ መሆን ያስቸግራል። መፍትሔው ግን እዚያው ነው፤ ውሃውን 10 ሚሊ ሊትር አድርጌ የጠብታውን ቁጥር ለሁለት አካፍላለሁ። ያኔ ግማሽ ዲኬኤችም ይለያል። ጠርሙሱን ቀጥ አድርጎ መያዝም ያስፈልጋል። ሲያዘነብሉት አየር ይገባና ጠብታው ያንሳል፤ ቁጥሩም ያለ ምክንያት ከፍ ይላል።

ሳጥኑ በደንብ የተፈተነው አልካሊኒቲዬ አልያዝ ብሎ ያስቸገረኝ ጊዜ ነው። ማታ 8 አድርሼው ጠዋት 7 አገኘዋለሁ። ያሉኝ ኮራሎች ጥቂትና ትንንሽ ናቸው፤ ይህን ሁሉ ሊበሉ አይችሉም። ማሞቂያውን ሳወጣው ነጭ ቅርፊት ይዟል። በጥፍር ስፍቀው እንደ ኖራ ይረግፋል። ካልሲየምና ካርቦኔቱ ኮራሉ ጋ ሳይደርሱ ማሞቂያው ላይ እየተጋገሩ ነበር ማለት ነው። ይህን የሚከላከለው ማግኒዚየም ነው። ስለካው 1100 ብቻ ሆነ፤ በባሕር ውሃ ውስጥ ግን 1300 ሚሊ ግራም ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ማግኒዚየም ለመጨመር መቸኮል አያስፈልግም። መጀመሪያ ጨዋማነቱን መለካት ነው። በስፔሲፊክ ግራቪቲ (ውሃው ከንጹሕ ውሃ አንጻር ያለው ክብደት) ከ1.026 ወርዶ 1.023 ከሆነ ሁሉም ነገር አብሮ ይወርዳል፤ ማግኒዚየሙ ብቻውን አይደለም። የእኔ ጨዋማነት ልክ ነበር። ቀጥዬ ገና የተበጠበጠውን አዲስ የጨው ውሃ መረመርኩ። እሱም ያው 1100 አካባቢ ነው። ጉድለቱ ከጨው ከረጢቱ የመጣ ነበር። ስለዚህ በዚያ ጨው ውሃ እየቀየርኩ ብቆይ ኖሮ ምንም አይሻሻልም ነበር። ማግኒዚየሙን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ወደ 1300 አደረስኩት። ከዚያ በኋላ አልካሊኒቲው ተረጋጋ። በኔ እምነት የዚህ ሳጥን ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፤ የአኳሪየሙንም፣ አዲስ የተበጠበጠውንም ውሃ መርምሮ ማነጻጸር ማስቻሉ።

አልካሊኒቲ ሲወርድ የምጨምረው ንጹሕ ቤኪንግ ሶዳ ነው። ለ100 ሊትር ውሃ 3 ግራም ገደማ 1 ዲኬኤች ያህል ከፍ ያደርጋል። በቀን ከዚያ በላይ አልሄድም። ኮራል 7.5ም ሆነ 9 ላይ ይኖራል፤ የሚጎዳው ዛሬ 7 ነገ 10 ሲሆንበት ነው። ሶዳውንና የካልሲየሙን ፈሳሽ አንድ ላይ አያፍሱ። እዚያው ተገናኝተው ነጭ ደመና ይሆኑና ሁለቱም ይባክናሉ።

ሳጥኑ ፒኤች (የውሃውን አሲዳማነት) አይለካም፤ አልናፈቀኝም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጠራቀም አልካሊኒቲው ጥሩ ሆኖም ፒኤች ይወርዳል። ለዚህ ኬሚካል ከመጨመር በፊት መስኮት መክፈት ይቀድማል።

የናይትሬቱ ምርመራ ደህና ነው፤ መመሪያው በሚለው ልክ ከነቀነቁት። ዱቄቱ በደንብ ካልተበጠበጠ ናይትሬት እያለ ዜሮ ያሳያል። ገና አዲስ በሆነ አኳሪየም ላይ ግን አይመኑት። ናይትራይት (ወደ ናይትሬት ከመቀየሩ በፊት ያለው ውህድ) ካለ ቁጥሩን ያለ ልክ ያንረዋል።

ፎስፌቱ ላይ ተስፋ ቆርጫለሁ። እኔ የምፈልገው በሊትር በ0.03 እና በ0.1 ሚሊ ግራም መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ካርዱ ላይ ግን ሁለቱም ያው የደበዘዘ ሰማያዊ ናቸው። በቀን ብርሃንም፣ በመብራትም አይቼዋለሁ፤ ዓይን አይለየውም። ፎስፌት ዜሮ ሲሆንም አደጋ አለው፤ ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው ቡናማ ዝልግልግ አሸዋውን ሊወርሰው ይችላል። ስለዚህ ግምት አይበቃም። ለዚህ አንዱ ዲጂታል መለኪያ ያስፈልጋል።

አሁን የአልካሊኒቲው ጠርሙስ ሊያልቅ ነው። የፎስፌቱ ገና ሙሉ ነው። ሙሉውን ሳጥን ድጋሚ አልገዛም፤ የአልካሊኒቲውንና የማግኒዚየሙን ለየብቻ እገዛለሁ።