«የብቅል ጣዕም» ብለው የሚሸጡላችሁን የቬፕ ጠብታ ተጠንቀቁ

ወገኖች፣ የቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ፈሳሽ ቤታችሁ የምታዘጋጁ ካላችሁ፣ «የብቅል ጣዕም» የሚል ጠርሙስ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ 30 ሚሊ ሊትሩን በ11 ፓውንድ ከአንድ የኦንላይን ሻጭ ገዛሁ። አምስት ቀን ሙሉ ሳልኩ። ሳንባዬ ውስጥ ሳስገባው የከረምኩት ለኬክ ሊጥ የሚሆን ዘይታማ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ለንደን ነው የምኖረው። ዘጠኝ ዓመት ያጨስኩትን ሲጋራ የተውኩት በቬፕ ነው። ሱቅ ውስጥ ያለው ጣዕም ግን እንጆሪ፣ ማንጎ፣ ከረሜላ ብቻ ነው፤ ይሰለቻል። እኔ የፈለግሁት እናቴ ለጠላ ገብሱን ነክራ፣ አብቅላ፣ ፀሐይ ላይ ስታሰጣው ግቢውን የሚሞላውን ሽታ ነበር። ሻጩ ገጹ ላይ «እውነተኛ የተፈጥሮ ብቅል፤ ለቬፕ፣ ለኬክ፣ ለቢራ» ብሎ ጽፏል። ዛሬ ሳስበው መጠርጠር የነበረብኝ እዚያው ላይ ነው። ለኬክ የሚሆን ሁሉ ለሳንባ አይሆንም።

በአንድ ስም የሚሸጡት ነገሮች የተለያዩ ናቸው። ለቬፕ የሚሠራው የብቅል ጣዕም ውስጥ ብቅል የሚባል ነገር ላይኖር ይችላል። የተቆላ እህል ሽታ የሚሰጠው አሴቲል ፓይራዚን፣ የተቃጠለ ስኳር ዓይነት ጣፋጭነት የሚሰጠው ማልቶል ወይም ኤቲል ማልቶል፣ ብዙውን ጊዜ በፕሮፒሊን ግላይኮል (ፒጂ የምንለው) ሟሙተው ይመጣሉ። ከእህሉ የተጨመቀው እውነተኛው የብቅል ሽሮፕ ደግሞ ስኳር ነው፤ ኮይል (የቬፑ ማሞቂያ ሽቦ) ላይ ይቃጠላል፣ ያራል። ሦስተኛው ለመጋገሪያ የሚሠራው ነው፤ ማሟሚያው ዘይት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «የተፈጥሮ» የሚለው ቃል ቬፕ ላይ ማረጋገጫ አይደለም። እንዲያውም ብቅል ላይ ሲጻፍ ሊያስጠረጥራችሁ ይገባል።

ቤት እንደደረሰ 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ላይ 5 በመቶ ጨመርኩ። ብልቃጡን ስነቀንቀው ወተት መሰለ፤ ትንሽ ሲቆይ ከላይ ቢጫ ቀለበት ሠራ። እንደ ጠላ ጥንስስ ጥቂት ቀን ከቆየ ይዋሃዳል ብዬ ሦስት ቀን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። አልተዋሃደም፤ እኔ ግን እየነቀነቅሁ ሳብኩት። ሌላ ጊዜ ሁለት ሳምንት የሚቆየኝ ኮይል በአንድ ቀን ተኩል ጠቆረ። ጉሮሮዬን ከነከነኝ፣ ሌሊት ሌሊት ሳሉ አላስተኛ አለኝ። ሐኪም ዘንድ ስሄድ ጠርሙሱንም ይዤ ሄድኩ፤ ወዲያው እንዳቆም ነገረኝ። ሳቆም ሳሉም ለቀቀኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ንጹህ ውሃ በብርጭቆ ቀድቼ አንድ ጠብታ ያንጠባጠብኩት። ፒጂ ከውሃ ጋር ይዋሃዳል፤ የእኔው ግን እንደ ወጥ ቅባት ከላይ ተንሳፈፈ። ይህን እናንተም ሞክሩት። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ ውሃው መጥፎውን ያጋልጣል እንጂ ጥሩውን አያረጋግጥም። ስኳርም ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ከውሃ ጋር እንዲቀላቀል ተደርጎ የተሠራ ዘይትም አለ። ካልተንሳፈፈ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ለሻጩ ስጽፍለት የመለሰልኝ «የምግብ ደረጃ ያለው ነው፣ አትስጋ» ብሎ ነው። በጣም ያናደደኝ ይህ ነው። የሚበላና ወደ ሳንባ የሚሳብ ነገር አንድ አይደለም። አንጀት ዘይት ይፈጫል፤ ሳንባ ውስጥ የገባ ዘይት ግን ሊፖይድ ኒሞኒያ የሚባል የሳንባ ብግነት ሊያመጣ ይችላል። የቅቤ ሽታ የሚሰጠው ዳይአሴቲልም ሲበላ ችግር የለውም ተብሎ ነው ሲሠራበት የኖረው። እ.ኤ.አ. በ2000 ግን አሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ በጃስፐር ከተማ በአንድ የፈንዲሻ ፋብሪካ የሠሩ ስምንት ሰዎች፣ እንፋሎቱን ሲተነፍሱ ከርመው፣ የማይድን የትንንሽ አየር ቧንቧዎች ጠባሳ እንዳገኛቸው ታወቀ። የቅቤ፣ የካራሜልና የብስኩት ቃና ባላቸው ጣዕሞች ውስጥ ዳይአሴቲልና ዘመዱ አሴቲል ፕሮፒዮኒል ሊገቡ ይችላሉ፤ ብቅልም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። እ.ኤ.አ. 2019ን አስታውሱ። አሜሪካ ውስጥ እስከ የካቲት 2020 ድረስ በቬፕ ሳቢያ ሳንባቸው ተጎድቶ ሆስፒታል የገቡ ወይም የሞቱ 2,807 ሰዎች ተመዝግበዋል፤ ከእነሱ 68ቱ ሞተዋል። አብዛኞቹ የካናቢስ ፈሳሽ የተጠቀሙ ሲሆኑ፣ ዋናው ተጠያቂ ሆኖ የተገኘው ቫይታሚን ኢ አሲቴት የተባለ ዘይታማ ነገር ነው። እሱም ቆዳ ላይ ሲቀቡት፣ በክኒን ሲውጡት ችግር የሌለበት ነው።

ሕጉ ይጠብቀኛል ብላችሁ አትዘናጉ። እዚህ ብሪታንያ ከ2016 ጀምሮ ያለው ደንብ የሚቆጣጠረው ኒኮቲን ያለበትን ፈሳሽ ነው፤ ከ20 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ፣ ጠርሙሱም ከ10 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ይላል። ኒኮቲን የሌለው የጣዕም ጠብታ በዚያ ደንብ ቁጥጥር ውስጥ አያልፍም። ገንዘቤን ሻጩ «ከተከፈተ አንመልስም» ብሎ ከልክሎኝ ነበር። ነገር ግን በ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ መሠረት፣ ዕቃው ከተነገረለት ጋር ካልተስማማ በ30 ቀን ውስጥ መመለስና ሙሉ ገንዘብ መጠየቅ ይቻላል። የገጹን ፎቶ አንስቼ ስለነበር ለባንኬ አቤት አልኩ፤ በካርድ የከፈልኩት ተመለሰልኝ። ከመክፈላችሁ በፊት እናንተም ገጹን ፎቶ አንሱት፤ ሻጮች ጽሑፉን ኋላ ይቀይሩታል።

አሁን ከመግዛቴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ማሟሚያው ምንድን ነው? የደህንነት መረጃ ሰነዱንና ከዳይአሴቲል ነፃ መሆኑን የሚያሳይ የምርመራ ወረቀት ትልኩልኛላችሁ? ካንገራገሩ እተዋለሁ። ሰነድ ያለውን ካገኛችሁም ከግማሽ በመቶ ጀምሩ፤ አሴቲል ፓይራዚን ሲበዛ ብቅሉ ቀርቶ ያረረ በቆሎ ይሸታል። ሲጋራ አጭሳችሁ የማታውቁ ደግሞ እባካችሁ ጨርሶ አትጀምሩት።

አገር ቤት ላሉ ዘመዶቻችሁም በሻንጣ አትላኩ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማስገባትም መሸጥም ክልክል ነው።

እኔ የገዛሁት ቡናማ የብርጭቆ ጠርሙስ ነው፤ ክዳኑ ጥቁር፣ ፊቱ ላይ ወርቃማ የገብስ ዛላ ተስሎበታል። የይዘት ዝርዝር የለውም፣ የምርት ቁጥር የለውም፣ የአምራቹ አድራሻም የለውም። ያያችሁት ካላችሁ አትክፈቱት፤ የከፈታችሁትም ካላችሁ ዛሬውኑ መሳቡን አቁሙ፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለባችሁ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።