አሰልጣኙ ይሂዱ ወይስ ግሌዘሮች?

ማንቸስተር ዩናይትድ በተሸነፈ ማግስት ሀዋሳ ውስጥ ቡና የሚጠጣበት ቦታ ሁሉ ችሎት ነው። አንዱ «አሰልጣኙ ይሰናበቱ» ይላል፣ ሌላው «ግሌዘሮች ይልቀቁ»፣ የክለቡን ባለቤት ቤተሰብ ማለቱ ነው።

የመጀመሪያው ቶሎ ይፈጸማል። ውጤቱንም አይተነዋል፦ ክለቡን ለረጅም ዓመታት ያሰለጠኑት ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ጡረታ ከወጡ በኋላ ሞይስ ዓመት ሳይሞላቸው ተሸኙ፤ ቫን ኻል የኤፍኤ ዋንጫን ባነሱ በሁለተኛው ቀን ተባረሩ፤ ሞሪንሆ ዩሮፓ ሊግን አሸንፈውም አልተረፉም። ቴን ሃግማ በ2024 ክረምት ውላቸው ተራዝሞ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሸኟቸው። ለሚሄደው ካሳ ይከፈላል። የሚመጣው ደግሞ የራሱን ተጫዋቾች ይፈልጋል፤ የቀደመው ያስገዛቸው ተጠባባቂ ወንበር ያሞቃሉ።

ሁለተኛው ምንጩን ይነካል። ቤተሰቡ ክለቡን በ2005 ሲገዛ ብዙውን ገንዘብ ያገኘው በብድር ነበር፤ ዕዳውም ክለቡ ላይ ተጫነ። ደጋፊው በ2010 አረንጓዴና ወርቃማ ስካርፍ ለብሶ ተቃወመ፤ በ2021 ኦልድ ትራፎርድ ሜዳ ገብቶ የሊቨርፑልን ጨዋታ ለሌላ ቀን አዛወረ። ግን ባለቤት በጩኸት አይባረርም፣ ራሱ ካልሸጠ። በ2024 እንግሊዛዊው ባለሀብት ራትክሊፍ ከሩብ በላይ ድርሻ ገዝተው የእግር ኳሱን ሥራ ቢረከቡም አብላጫው የድምፅ መብት ከግሌዘሮች እጅ አልወጣም።

(የእኛ አገር ብዙ ክለቦች የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ስለሆነ «ይሽጥ» የሚባል ሰው እንኳ የለም።)

እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ለተጫዋች ቅያሪ ግን አሁንም የምናደደው በአሰልጣኙ ነው።