የጉግል ፍለጋ በአማርኛ፦ ለሰሜን ሸዋ ሰው የት ያግዛል፣ የት ይስታል?

ቀድሞ የሕግ ነገር የሚጠየቀው ከማመልከቻ ጸሐፊ፣ የእርሻ ነገር ከልማት ሠራተኛ ነበር። አሁን ጥያቄው መጀመሪያ የሚቀርበው ለስልክ ነው። ሰው ጎደሎ ጥያቄን ሞልቶ ይረዳል፤ ጉግል ግን የሚነሳው ከተጻፈለት ቃል ነው። በአማርኛ የሚፈልግ ሰው የሚቸገረውም እዚሁ ላይ ነው።

«ሰሜን ሸዋ» ብሎ ብቻ መፈለግ አያዋጣም። አንደኛው ዞን በአማራ ክልል ሆኖ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን፣ ሌላው በኦሮሚያ ሆኖ ዋና ከተማው ፍቼ ነው፤ የሁለቱ ዜናና ማስታወቂያ ተደባልቆ ይመጣል። መፍትሔው የወረዳውን ወይም የከተማውን ስም መጨመር፣ ካልጠራም የቅነሳ ምልክት አስቀድሞ ያለ ክፍተት «-ፍቼ» ብሎ መጻፍ ነው። መሐል ሜዳ በ«ሐ»ም በ«ሀ»ም ይጻፋል፤ ሸዋ ሮቢትም ተጋጥሞም ተለያይቶም ይገኛል። ጉግል አንዳንዱን አጻጻፍ ያቀራርባል፣ ሌላውን ይስታል። ስለዚህ ሁለቱንም አጻጻፍ መሞከር፣ በመጨረሻም በላቲን ፊደል መድገም ይገባል።

የሕግ ፍለጋ ላይ አገልግሎቱ በጣም ጥሩ ነው፤ ግን በቁጥር ሲፈለግ። «የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ» ብሎ የጻፈ ሰው «አሰሪ» ተብሎ የተጻፈውን ሊያጣ ይችላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ብዙ የቆዩ ሰነዶች ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ከሚጋሩት የፊደል ኮድ) ውጭ በሆኑ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ወይም ስካን የተደረጉ መሆናቸው ነው። ለዓይን አማርኛ ናቸው፤ ለፍለጋው ግን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ወይም ተራ ፎቶ ናቸው። የአዋጁን ቁጥር «1156/2011» ብሎ መጻፍ ከዚህ ከአብዛኛው ያድናል። እንግሊዝኛው ቅጂ ግን «1156/2019» ነው፤ አዋጁ ያው ነው፣ የተለየው የዘመን አቆጣጠሩ ብቻ።

ዓመት ሌላም ቦታ ያሳስታል። «የመምህራን ቅጥር 2017» ብሎ የሚፈልግ ሰው በፈረንጆቹ 2017 የወጣ ማስታወቂያ ሊመጣለት ይችላል፤ ያ ደግሞ የእኛ 2009 እና 2010 ነው። በፍለጋው ውጤት ገጽ ላይ «መሣሪያዎች» (Tools) በሚለው ሥር ያለው የጊዜ ማጣሪያ የሚሠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ፣ የ2017 ዓ.ም. ማስታወቂያ ለማግኘት ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 እስከ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2025 ብሎ መወሰን ነው። ማመልከቻ ከማስገባት በፊት ይህን አለማጣራት ለከንቱ ትራንስፖርት ይዳርጋል።

የአካባቢ የሥራ ማስታወቂያና የገበያ ዋጋ ላይ ግን ጉግል ደካማ ነው። አብዛኛው የሚለጠፈው ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ፣ ያውም በፎቶ ነው፤ የተዘጋ ቡድን ውስጥ ያለውን ደግሞ ጉግል ከነጭራሹ አያየውም። እዚህ ላይ ቻናሉን ከፍቶ በራሱ በቴሌግራም ማጉያ መነጽር መፈለግ ይሻላል።

በድምፅ መፈለግ በአማርኛ ከጀመረ ቆይቷል፤ ጉግል ያስገባው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። መተየብ ለሚከብዳቸው አባቶችና እናቶች ትልቅ ነገር ነው። በጂቦርድ (በጉግል የስልክ መተየቢያ) ቅንብር ውስጥ አማርኛን ጨምሮ ማይኩን መንካት ይበቃል። ነፋስ ባለበት የደብረ ብርሃን ሜዳ ግን ነፋሱ ቃሉን ያበላሸዋል፤ እንደ «ባሶና ወራና» ያለ የቦታ ስም ሲሆንም የተጻፈውን አይቶ ማረም ያስፈልጋል።

የባቄላ ቅጠል ሲያብጥ ወይም ሲጠቃጠቅ በጉግል ሌንስ ፎቶ ማንሳት ጥሩ መነሻ ነው። በቀን ብርሃን፣ የቅጠሉን ላይኛውንም ታችኛውንም ገጽ፣ ለየብቻ አንሱ። አረንጓዴ እብጠት ከሆነ የባቄላ እብጠት በሽታ (በእንግሊዝኛ faba bean gall)፣ ቡናማ ጠቃጠቆ ከሆነ ቸኮሌት ስፖት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ሕክምናቸው አንድ አይደለም። ስሙን ከገመታችሁ በኋላ በእንግሊዝኛ ከ«Ethiopia» ጋር ብትፈልጉ ለአገራችን የተጻፈ ጥናት የማግኘት ዕድላችሁ ይሰፋል። የመድኃኒቱን መጠን ግን ከጉግል አትውሰዱ፤ በሌላ አገር የሚሸጠው ያው ስም ያለው ምርት ጥንካሬው ሊለይ ስለሚችል፣ መጠኑ የሚወሰደው ከራሱ ከዕቃው ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍና ከቀበሌው የሰብል ባለሙያ ነው።