ኦልፋ ኤስኤሲ-1 ካተር፦ ከወራት ሥራ በኋላ

ይህ የጃፓን ካተር 9 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ተሰባሪ ምላጭ ይይዛል፤ ጫፉ ሲደንዝ በላዩ ባሉት ጭረቶች ላይ ክፍል በክፍል እየተሰበረ የሚጣል ማለት ነው። ከተራው ካተር የሚለየው በጫፉ ነው፦ የተራው ምላጭ ጫፍ ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ የዚህኛው 30 ዲግሪ ብቻ ነው። ጫፉ የት እንዳረፈ በግልጽ ስለሚታይ የሞዴል ቤት መስኮት ስትቆርጡ መስመሩ ከማዕዘኑ አያልፍም። ለኩርባም ይመቻል፤ ካተሩን አንድ ቦታ ይዞ ወረቀቱን ማዞር ነው።

እጀታው ቀጭን ስቴንለስ ነው። ከወራት በኋላም በጣም የምወድለት ምላጩ በመሄጃው ውስጥ አለመወዛወዙን ነው። ርካሽ የፕላስቲክ ካተር ላይ መሄጃው ሲሰፋ ምላጩ ወደ ጎን ያጋድላል፤ ከላይ ቀጥ ያለው መስመር ከሥር ተንሸዋሮ ይወጣል። ሞዴል ስታጣብቁ ማዕዘኑ የማይገጥመው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

ትክክለኛው ፈተና 5 ሚሊሜትር ፎም ቦርድ ነው፤ በሁለት ወረቀት መካከል ፎም ያለበት ሰሌዳ። በአንድ ጊዜ ለመጨረስ ከተጫናችሁት ፎሙ ይቦጨቃል። ሦስት ጊዜ ማስኬድ ይሻላል፦ መጀመሪያ የላዩን ወረቀት ብቻ በስሱ፣ ቀጥሎ ካተሩን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ኋላ ዝቅ አድርጎ ፎሙን፣ በመጨረሻ የታችኛውን ወረቀት። ለወረቀትና ለስስ ካርቶን ከምላጩ አንድ ክፍል ማውጣት ይበቃል፤ ለፎም ቦርድ ሁለት ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ከወጣ ውፍረቱ 0.38 ሚሊሜትር ገደማ የሆነው ምላጭ ይጎብጣል። ማስመሪያው የብረት ይሁን፤ ከምትቆርጡት ነገር በምትፈልጉት በኩል ይረፍ፣ ካተሩ ቢያመልጥ እንኳ የሚበላሸው ተራፊው ነው።

ቶሎ የሚያልቀው ጫፉ ነው። ወረቀትና ካርቶን ውስጥ ያለው የማዕድን ዱቄት ብረት ይሞርዳል፤ ከአሮጌ ወረቀት የተሠራ ካርቶን ደግሞ ይብሳል። የቁርጡ ጠርዝ ጸጉር ማውጣት ከጀመረ፣ ፎሙም ፍርፋሪ ከበዛበት አትታገሉ፣ ስበሩት። የኦልፋ መሥራች ዮሺዮ ኦካዳ በ1956 እ.ኤ.አ. ኦሳካ ውስጥ ተሰባሪ ምላጭ የፈጠረው ማተሚያ ቤት ሠራተኞች ምላጭ ጫፉ ብቻ ሲደንዝ ሙሉውን ሲጥሉት አይቶ ነው። ምላጭ የሚቆጥብ ሰው የዚህን ካተር ጥቅም አላገኘውም እላለሁ።

ስትሰብሩ አንድ ክፍል ብቻ አውጡ። ጭረት ያለበት ፊት ወደ ላይ ይሁን፣ ጫፉን በፒንሳ ያዙና ወደ ታች እጠፉ። መነጽር አድርጉ። ስብርባሪውን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅሙ፤ ቆሻሻ የሚያነሳውን ሰው እጅ እንዳይቆርጥ።

30 ዲግሪ ጫፍ የማይችለውም አለ። ሲጠመዘዝ፣ ወይም ተለጣፊ ነገር ለማንሳት እንደ መፈልቀቂያ ሲያገለግል፣ ጫፉ ቅንጥስ ይላል፤ የምላጩ ብረት ጠንካራ ስለሆነ አይታጠፍም፣ ይሰበራል። ኮምፔርሳቶና ወፍራም ቆዳ ለ18 ሚሊሜትሩ ካተር ተዉለት። መስታወት ወይም ሴራሚክ ላይ አትቁረጡ፣ የመቁረጫ ምንጣፍ ከሌለ ወፍራም ካርቶን ይበቃል።

እጀታው ላብ ባለው እጅ ያንሸራትታል፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚቆርጥ ሰው ቀጭንነቱ ጣት ያሳምማል። የጨርቅ ፕላስተር ሁለት ዙር ብትጠቀልሉበት ይሻላል፣ የምላጩ መግፊያ የሚሄድበትን ክፍተት ግን አትሸፍኑ። ግራኝ ምላጩን ገልብጦ መክተት ይችላል።

እጀታው ባይዝግም የተለመደው ምላጭ ይዝጋል። መለዋወጫውን ከነማሸጊያው ደረቅ ቦታ አኑሩት። ከፕላስተር የተረፈ ሙጫ ሲይዘው በአልኮል ጥረጉት፣ ከጀርባ ወደ ስለቱ አቅጣጫ እንጂ በስለቱ ርዝመት አይደለም። በየሱቁ የሚገኝ ሌላ 9 ሚሊሜትር ምላጭም ይገባበታል፤ ጭረቱ ጥልቅ ከሆነ ግን እየቆረጣችሁ ሳለ ይሰበራል፣ ስስ ከሆነ ደግሞ ከመስመሩ ውጪ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጅምላ ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ሰብራችሁ እዩ።