ከሕፃናት ጋር ወደ ወሎ ለምትጓዙ ቤተሰቦች፦ ስለ አንድ የደሴ ሾፌር ምስጋናና ጥቆማ

ዘንድሮ ለአረፋ በዓል ኮምቦልቻ፣ ደሴና መርሳ የሚገኙ ዘመዶቻችንን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ ስንነሣ በኮንትራት ይዞን የሄደውን ሾፌር በአደባባይ ላመሰግነው፣ ትናንሽ ልጆች ይዘው በዚያው መንገድ ለመጓዝ ለሚያስቡ ቤተሰቦችም ልጠቁመው እወዳለሁ። ጡት ያልጣለች ሕፃን፣ አፉን ከፈታ ብዙም ያልቆየ ወንድ ልጅና አንደኛ ክፍል የገባች ታላቅ እኅታቸው፣ ከእነርሱም ጋር በዕድሜ የገፉት አክስቴ አብረውን ነበሩ። ሾፌሩ የደሴ ተወላጅ ነው፤ ስሙና ስልኩ በይፋ እንዳይወጣ ስለጠየቀኝ ፈቃዱን አከብራለሁ። ልጆቹ ገና ከመጀመሪያው ዕለት «አያ» እያሉ ስለጠሩት እኔም በዚሁ እጠራዋለሁ።

አያን ያመንኩት መኪናው ከመነሣቱ በፊት ነው። በስልክ ስናገኘው ስለ ዋጋ ከመነጋገሩ አስቀድሞ የልጆቹን ዕድሜ፣ መኪና ላይ የሚያስመልሰው ልጅ መኖር አለመኖሩን፣ ሕፃኗ ጡት ብቻ ትጠባ ወይስ ምግብ ጀምራ እንደሆነ ጠየቀን። በጉዞው ዋዜማ ደግሞ ሚኒባሱን ይዞ ቤታችን ድረስ መጣና እያንዳንዱን የደህንነት ቀበቶ እየሳበና እየቆለፈ አሳየን፤ እኛ የገዛነውን የሕፃን መቀመጫም በቀበቶው አሳልፎ ካሰረው በኋላ ወዲያና ወዲህ እየነቀነቀ አለመላላቱን አረጋገጠ። በብዙ የኮንትራት መኪኖች የኋላ ወንበር ላይ ቀበቶው ወይ ተቆርጧል ወይ ከወንበሩ ሥር ተቀብሯል፤ ልጅ ያለው ሰው ይህን ሳያይ ቀብድ መክፈል የለበትም ብዬ አምናለሁ።

በመነሻችን ማለዳ አክስቴ ሕፃኗን ታቅፈው ከፊት ለመቀመጥ ፈልገው ነበር። ለትልቅ ሰው «አይሆንም» ማለት በእኛ ዘንድ ቀላል አይደለምና እኔም ባለቤቴም ዝም አልን። አያ ግን ከመሪው ወርዶ፣ በሩን ይዞላቸው፣ «እትዬ፣ የእርስዎ ክንድ ለልጅ የሚደክም እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ግን የማንም ክንድ ልጅ አይዝም። እርስዎ ከጎኗ ይቀመጡልኝና እጇን ይያዙላት» አላቸው። አክስቴ ቅር ሳይሰኙ ወደ ኋላ ሄደው ተቀመጡ፤ መንገዱን ሁሉ የሕፃኗ እጅ ከእጃቸው አልተለየም። አክብሮትንና ደህንነትን እንዲህ አንድ ላይ አስማምቶ የሚናገር ሰው ለቤተሰብ ጉዞ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ሽማግሌና ሕፃን ይዞ የተጓዘ ሁሉ ይረዳዋል።

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያለው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለልጅ የሚከብደው ግን ከርቀቱ ይልቅ የመንገዱ መውጣትና መውረድ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ነው፤ ከዚያ መንገዱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ወዳለው ጣርማ በር ይወጣና ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራውን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ልጆቹ በአንድ ጠዋት ውስጥ ከጃኬት ወደ ካናቴራ ይሸጋገራሉ። አያ ደብረ ብርሃን ላይ ለቁርስ ሲያቆም ልጆቹ ወተትና ቅባት የበዛበት ምግብ ትተው ደረቅ ዳቦና ጥቂት ሻይ እንዲቀምሱ መከረን፤ ሆዱን ሞልቶ ያንን ኩርባ የሚጀምር ልጅ ብዙውን ጊዜ ያስመልሳልና። ወንድ ልጃችንን የፊት ለፊቱ መንገድ ወደሚታይበት ወንበር አዛወረልን፤ ስልክም እንዳንሰጠው ለመነን። ዓይኑ ስልክ ላይ ተተክሎ ሰውነቱ በኩርባው ሲወዛወዝ፣ ዓይንና ጆሮ ለአንጎል የሚያቀብሉት መልእክት ስለሚጋጭ የማቅለሽለሹ ምንጭ ይህ ነው።

ቁልቁለቱ ሲጀመር አያ «አሁን ለሕፃኗ ጡት ስጧት፤ ሌሎቹም ውኃ በትንሽ በትንሹ ይጎንጩ» አለን። ከከፍታ ወደ ዝቅታ ሲወረድ የአየሩ ግፊት ስለሚጨምር የልጆች ጆሮ ይደፈናል፣ ሲብስም ያማቸዋል፤ ሲውጡ ግን ከጉሮሮ ወደ ጆሮ የሚወስደው ቀጭን ቱቦ ይከፈትና ግፊቱ ይስተካከላል። መኪናው እየሄደ ሕፃኗን ከመቀመጫዋ ማውጣት ሳያስፈልግ እንድትጠባ ብሎ ዋሻውን እንዳለፍን ከመንገዱ ርቆ ጥግ ይዞ አቆመልን፤ ጠብታ ስትጨርስ ዳግም መታሰሯን በመስታወት ሳይሆን ዞሮ በዓይኑ አይቶ ተነሣ። ያን ዕለት ጣርማ በር ላይ ጉም ነበር። መብራቱን አብርቶ፣ ማርሹን ዝቅ አድርጎ፣ ፍሬን ላይ ሳይንጠለጠል በሞተሩ ጉልበት እየተያዘ ወረደ፤ ከኋላችን የመጣ አይሱዙ ጥሩንባውን ቢነፋም ሰፋ ያለ ቦታ እስኪያገኝ በራሱ ፍጥነት ቀጠለ፣ ከዚያም ጥግ ይዞ አሳለፈው። ከዚህ በፊት በዚሁ ቁልቁለት ላይ አንድ ሌላ ሾፌር ልጆቹ እያለቀሱ «ትንሽ ቀረን» እያለ ሳያቆም አውርዶን ስለነበር ልዩነቱ በሰውነቴ ተሰማኝ።

ከሸዋ ሮቢት እስከ ከሚሴ ያለው አገር ሞቃት ነው። አያ በዚህ ክፍል የሚያቆምባቸውን ቦታዎች አስቀድሞ ያውቃቸዋል፤ ሁሉም ጥላ፣ ውኃና ልጅ ይዞ የሚገባበት ንጹሕ መጸዳጃ ያላቸው፣ ከአስፋልቱም ገባ ያሉ ናቸው። እኛ ምሳ ስንበላ የተኛውን ልጅ መኪና ውስጥ ልተወው ስል አልፈቀደልኝም። የቆመ መኪና በፀሐይ ውስጥ በደቂቃዎች እንደሚግል፣ መስኮት መክፈቱም በቂ እንዳልሆነ ነግሮኝ ተኝቶ እንዳለ ራሱ አቅፎ ወደ ጥላው አወጣው። አካባቢው ወባማ በመሆኑም ማደር የሚፈልግ ቤተሰብ አጎበር እንዳይረሳ ሁልጊዜ ያሳስባል። ለትልቋ ልጃችን ግን የዚህ መንገድ ትዝታ ግመሎቹ ናቸው፤ ሰንበቴን ስናልፍ የእሑዱን ገበያ፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ የሚገናኙበትን፣ አያ እየነዳ በቀስታ ሲተርክላት ሰማሁ።

በየማለዳው ከመነሣታችን በፊት ፊት ለፊት ላሉ ባልደረቦቹ እየደወለ የመንገዱን ሁኔታ ያጣራ ነበር። ከመሸ በኋላ አይነዳም። በዚህ ጉዳይ ዋጋ ቢጨመርለትም ሐሳቡን እንደማይለውጥ ገና በስልክ ነግሮን ስለነበር የመጀመሪያውን ዕለት ኮምቦልቻ በእናታችን ወገን ካሉት ዘመዶች ዘንድ አድረን፣ የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ የገባነው በማግስቱ ነው።

ወሎ ዘመድ መጠየቅ ከመንዳቱ የሚበልጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ቤት ገብቶ ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይባል መውጣት ነውር ነው፤ ከአንዱ ቤት ስንወጣ ደግሞ ጎረቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የእኛ ቤተሰብ እንደ ብዙው ወሎዬ እስላምም ክርስቲያንም ያለበት ስለሆነ በአረፋው ዕለት ሁለት ዓይነት ሥጋ ተሰናድቶ፣ ሁሉም በየፊናው በልቶ፣ ቡናው ላይ አንድ ላይ ተቀመጥን። አያ አንድም ቀን ሰዓቱን እያየ አላጣደፈንም፤ ሲጋብዙት ገብቶ ይቀመጣል፣ ይመርቁታል፣ ከዚያ መኪናው ዘንድ ሄዶ ያርፋል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግን፣ እኛ ለማለት የምናፍረውን እሱ ለባለቤቶቹ ጎንበስ ብሎ ይነግራቸዋል፦ «እማማ፣ ይመርቁንና ልጆቹን በብርሃን ላድርስልዎት።» ይህን የሰሙ አንድም እናት አልከለከሉንም፤ «አብሽር ልጄ፣ በሰላም ግቡ» እያሉ ሸኙን።

ደሴን ለቀን ወደ መርሳ ስንሄድ ሐይቅ ከተማ ላይ አረፍን። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች የማይገቡበት በመሆኑ ባለቤቴ፣ አክስቴና ልጃገረዷ የሚቀመጡበትን የሐይቁን ዳርቻ አስቀድሞ አስቦበት ነበር፤ እኔ ከወንድ ልጄ ጋር ደርሼ ስመለስ ሴቶቹ ዓሣ በልተው፣ ሕፃኗም ታጥባ ጠበቁኝ። ውጫሌ ስንደርስ ትልቋ ልጅ በትምህርት ቤት የሰማችውን ስም አውቃው ጮኸች፤ በ1881 ዓ.ም. ምኒልክና ጣሊያን ውሉን የተፈራረሙት በዚህ አገር መሆኑን አያ ሲነግራት ለረጅም ጊዜ በመስኮት ስትመለከት ቆየች። መርሳ ላይ አያቴ የልጅ ልጅ ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ታቀፉ። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም፤ ያ እንዲሆን በሰላም ያደረሰንን ሰው ግን ባላመሰግን ዕረፍት አይሰጠኝም።

ስንመለስ ዘመድ የሰጠን ማር፣ ጤፍና ብርቱካን ብዙ ነበር። ሁሉንም ፖርቶ መጋላ ላይ ጭኖ በሸራ ሸፈነው፤ ከውስጥ በልጆቹ አጠገብ አንድም ዕቃ እንዲቀመጥ አልፈቀደም፣ ድንገት ሲቆም ተንሸራትቶ ልጅ እንዳይመታ።

ዋጋውን በተመለከተ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ አያ ርካሽ አይደለም። ነዳጁን ጨምሮ አንድ ዋጋ ይናገራል፣ ዘመድ ቤት ለሚቆምባቸው ቀናት በቀን የተለየ ሒሳብ አለው፣ መንገድ ላይ ሌላ ተሳፋሪ አይጭንም፤ ከተስማማንበት በላይም አንዲት ብር አልጠየቀንም። በአንድ ቀን ደሴ ደርሶ ለመመለስ የቸኮለ ሰው ከእሱ ጋር አይስማማም። ልጅ ለያዘ ሰው ግን የከፈልኩት ሁሉ ተገቢ ነበር እላለሁ።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዱን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ለመውሊድ፣ ለግሸን ማርያም ንግሥና ለገና ቀድሞ ስለሚያዝ ሳይረፍድ ደውሉለት፤ ስትደውሉም የልጆቹን ዕድሜና የሚያስመልሰው ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት።