ሜቲልፌኒዴት ስድስት ዓመት ላልሞላው ልጅ፦ የአንድ ወላጅ ግምገማ

የምገመግመው አንድ መድኃኒት ነው፤ የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ የመቅበጥበጥ ችግር፣ በአጭሩ ኤዲኤችዲ፣ ላለባቸው ልጆች የሚታዘዘውንና ብዙ ሰው ሪታሊን በሚለው የንግድ ስሙ የሚያውቀውን ሜቲልፌኒዴትን። ሐኪም አይደለሁም። ሕፃን ልጄ መድኃኒቱን ይጀምር ወይስ ይቆይ በሚለው ጥያቄ ላይ ከባለቤቴ ጋር ለረጅም ጊዜ ስንመክር ቆይተን በመጨረሻ ያስጀመርን ወላጆች ነን። ፍርዴን ከወዲሁ ለማስቀመጥ ያህል፣ ስድስት ዓመት ለሞላውና ምርመራው በአግባቡ ለተደረገለት ልጅ ጥሩ መድኃኒት ነው እላለሁ፤ ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ ግን ከወላጆች ሥልጠና ቀጥሎ የሚመጣ ሁለተኛ ምርጫ ነው። ሁለተኛ ምርጫ ነው ማለት ግን የተከለከለ ነው ማለት እንዳልሆነ ከታች እንደማስረዳ ተስፋ አደርጋለሁ።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። በስዊዘርላንዱ ሲባ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ሊያንድሮ ፓኒዞን እ.ኤ.አ. በ1944 የቀመመው ሲሆን፣ የንግድ ስሙም ሪታ ተብላ ትጠራ ከነበረችው ባለቤቱ ስም የተወሰደ ነው። ለገበያ የቀረበው በ1950ዎቹ ስለሆነ ጥቅሙም ጉዳቱም ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲጠና ቆይቷል፤ ለእኔ ይህ ዕድሜው ራሱ አንዱ መልካም ጎኑ ነው። የሚሠራውም ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የተባሉት የአንጎል መልእክት አስተላላፊዎች ከተለቀቁ በኋላ ቶሎ ተመልሰው እንዳይሰበሰቡ በማዘግየት ነው። አጭር ጊዜ የሚሠራው ዓይነት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ረጅም ጊዜ የሚሠሩት ደግሞ እንደ አሠራራቸው ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይዘልቃሉ። ወላጅ ከዚህ ሁሉ በላይ ሊያስተውለው የሚገባው፣ ጠዋት የተሰጠው አጭሩ ክኒን እስከ ማታ ድረስ ሥራውን ጨርሶ የሚወጣ መሆኑን ነው። እኛ ውሳኔውን አንዴ ከተሻገሩት የማይመለሱበት ወንዝ አድርገን ስለነበር ለወራት ስንብሰለሰል ከረምን፤ በእውነቱ ግን የምንወስነው ልጁ በሐኪም ክትትል ለጥቂት ሳምንታት ይሞክረው ወይስ አይሞክረው የሚለውን ብቻ ነበር።

በትንንሽ ልጆች ላይ የተደረገው ዋናው ጥናት በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም የተደገፈውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ነው። ጥናቱ ዕድሜያቸው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ተኩል የሆኑ 303 ልጆችን መዝግቦ የጀመረ ሲሆን፣ ማንም ልጅ ክኒን ከመውሰዱ በፊት ወላጆቹ ለ10 ሳምንታት የልጅ አያያዝ ሥልጠና እንዲወስዱ አድርጓል። ከዚያ በኋላ ችግሩ ያልተቃለለላቸውና ወላጆቻቸው መድኃኒት ለመሞከር የተስማሙ 165 ልጆች ወደ መጠን ፍተሻው ገቡ። በቀን ሦስት ጊዜ ከ2.5 እስከ 7.5 ሚሊ ግራም የወሰዱት መድኃኒትነት የሌለውን አምሳያ ክኒን ከወሰዱበት ጊዜ ይልቅ ግልጽ መሻሻል አሳይተዋል፤ 1.25 ሚሊ ግራም ግን ለውጥ አላመጣም። ይሁን እንጂ የመሻሻሉ ልክ ትምህርት ቤት በገቡ ልጆች ላይ ከሚታየው ያነሰ ነበር። በቀጣዩ ምዕራፍም ምልክቶቻቸው ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል ሊባል የቻለው መድኃኒቱን ከወሰዱት 21 በመቶው ሲሆኑ፣ አምሳያውን ከወሰዱት ደግሞ 13 በመቶው ነበሩ። ይህን ቁጥር ያየ ወላጅ ተአምር አይጠብቅም፤ እኔም ካነበብኩት በኋላ ጥያቄዬ «ያድነዋል ወይ?» ከሚለው ወደ «ቀኑን ምን ያህል ያቀልለታል?» ወደሚለው ተቀየረ።

የዚያው ጥናት ሌላው ገጽ ጉዳቱን የሚያሳየው ነው። ከልጆቹ 11 በመቶው በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት መድኃኒቱን አቁመዋል። የምግብ ፍላጎት መቀነስና የእንቅልፍ ችግር በትልልቅ ልጆችም የሚታይ ነው፤ በትንንሾቹ ላይ ጎልቶ የወጣው ግን ብስጭት፣ ቶሎ ማልቀስና ስሜትን መቆጣጠር አለመቻል ነው። መድኃኒቱን አንድ ዓመት ያህል የወሰዱት ልጆች ቁመት ከሚጠበቀው በዓመት 1.38 ሴንቲ ሜትር ያነሰ፣ ክብደታቸውም በዓመት 1.32 ኪሎ ግራም ያነሰ ጨምሯል። የአሥራ ስምንት ኪሎ ልጅ ላለው ወላጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2025 እንደ ሜቲልፌኒዴት ያሉ አነቃቂ መድኃኒቶች ረጅም ጊዜ የሚሠሩት ዓይነቶቻቸው ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ክብደት የመቀነስ አደጋ እንዳላቸው በመግለጫቸው ላይ እንዲጻፍ አዝዟል። ለትንሽ ልጅ «በቀን አንዴ ሰጥቶ መገላገል» የሚለው ሐሳብ ማራኪ ቢሆንም ለዚህ ዕድሜ ረጅሙን ዓይነት የማልመክረው ለዚህ ነው።

የሕክምና መመሪያዎቹም ይህንኑ ያንጸባርቃሉ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከአራት ዓመት ጀምሮ ስድስት እስኪሞላቸው ድረስ ላሉ ልጆች መጀመሪያ የሚሰጠው የወላጆች ሥልጠና እንዲሆን፣ ያ በቂ ለውጥ ካላመጣና ችግሩ መካከለኛ ወይም ከባድ ሆኖ ከቀጠለ ሜቲልፌኒዴት ሊታሰብ እንደሚችል ይገልጻል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የእንግሊዙ መመሪያ ጠበቅ ይላል፤ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ በትንንሽ ልጆች ኤዲኤችዲ ላይ ልምድ ካለው ሌላ ስፔሻሊስት ሁለተኛ አስተያየት ሳይገኝ መድኃኒት እንዳይሰጥ ይላል። እዚህ ላይ ወላጅን ግራ የሚያጋባ አንድ ነገር አለ፦ በአሜሪካ ሜቲልፌኒዴት በይፋ የተፈቀደው ከስድስት ዓመት ጀምሮ ሲሆን፣ ለኤዲኤችዲ የሚታዘዙ ሌሎች አነቃቂዎች የሆኑት አንዳንድ የአምፌታሚን መድኃኒቶች ግን ከሦስት ዓመት ጀምሮ ተፈቅደዋል። ይህ ልዩነት የመጣው ፈቃዶቹ በተሰጡበት ዘመን ከነበረው መመዘኛ እንጂ አምፌታሚን ለሕፃን ይሻላል የሚል ማስረጃ ስለተገኘ አይደለም፤ በትንንሾቹ ላይ የተሻለ የተጠናው ሜቲልፌኒዴት ነው።

ስለ ሥልጠናው ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ከመድኃኒቱ ጋር መመዘን ያለበት እሱ ነው። ትእዛዝን አሳጥሮና አንድ በአንድ መስጠትን፣ መልካም ሥራን ወዲያው አይቶ ማመስገንን፣ ቀላል ጥፋትን ችላ ማለትን፣ ቅጣትን አጭርና ወጥ ማድረግን ያስተምራል። ሲሰሙት ማንም ወላጅ የሚያውቀው ይመስላል፤ ደክሞ ከሥራ በተመለሱበት ምሽት በተከታታይ መፈጸም ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይልቁንም ችግሩ በዘር የሚወረስበት ዕድል ከፍተኛ ስለሆነ ከወላጆቹ አንዱም የሚረሳና የሚቸኩል ሊሆን ይችላል። ሥልጠናው ይበልጥ የሚያሻሽለው እንቢተኝነትንና የቤቱን ጭቅጭቅ ነው፤ መቅበጥበጡንና የትኩረት ማነሱን ራሱን የሚለውጠው በጥቂቱ ነው። እኛም ያገኘነው ውጤት ይኸው ነበር፦ ጩኸታችን ቀነሰ፤ ልጁ ግን ከመንገድ ዳር እጃችንን አስለቅቆ መሮጡን አልተወም። መድኃኒቱን እንድናስብበት ያስገደደንም የዚህ ዓይነቱ አደጋ እንጂ የትምህርት ውጤት አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ምርመራው ራሱ መታመን አለበት። ኤዲኤችዲ በደም ምርመራ አይታወቅም፤ የሚለየው ምልክቶቹ ቢያንስ ለስድስት ወራት፣ ቢያንስ በሁለት ቦታዎች፣ ለምሳሌ በቤትና በመዋዕለ ሕፃናት፣ መታየታቸው ተረጋግጦ ነው። የመስማት ችግር፣ በማንኮራፋትና በትንፋሽ መቆራረጥ የተረበሸ እንቅልፍ፣ የቋንቋ መዘግየትና ጭንቀት ሁሉ ኤዲኤችዲ ሊመስሉ ይችላሉ። ዕድሜም እንዲሁ፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ የመግቢያ ዕድሜ መስከረም መጀመሪያ ላይ በሚቆረጥባቸው ቦታዎች፣ በነሐሴ ተወልደው የክፍላቸው ታናሽ የሆኑት ልጆች በመስከረም ተወልደው ታላቅ ከሆኑት ይልቅ ኤዲኤችዲ አለባቸው የመባላቸው ዕድል በ34 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። በመጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ በመጀመሪያው ቀጠሮ፣ መምህርቷን ሳይጠይቅና ስለ ሥልጠና ሳያነሣ ማዘዣ ጽፎ ሰጥቶን ነበር፤ ማዘዣውን ሳንጠቀምበት ሌላ ሐኪም ፈለግን። እንዲህ ያለ ችኮላ ለገጠመው ወላጅ የምመክረውም ይህንኑ ነው።

ሁለተኛዋ ሐኪም የሰጡን አገልግሎት በአንጻሩ መድኃኒቱ እንዴት መሰጠት እንዳለበት ያሳየ ነበር። ከመጀመራቸው በፊት ክብደቱን፣ ቁመቱን፣ የደም ግፊቱንና የልብ ምቱን መዘገቡ፤ በቤተሰባችን ውስጥ የልብ ሕመም ወይም ድንገተኛ ሞት እንደነበር ጠየቁ፤ ከዚያም በትንሹ መጠን አስጀምረው በየጊዜው በጥቂቱ ከፍ አደረጉት። መጠኑ በተቀየረ ቁጥር እኛም መምህርቷም አንድ ዓይነት መጠይቅ እንሞላ ነበር። ይህ መጠይቅ ከክኒኑ ባልተናነሰ ጠቅሞናል፤ የወላጅ ዓይን እንደ ዕለቱ ስሜት ይለዋወጣልና።

በልጃችን ላይ ያየሁት ለውጥ ከጠበቅሁት ያነሰ፣ ከፈራሁት ደግሞ የተለየ ነበር። ከሌሎች ልጆች ጋር የጀመረውን ጨዋታ ተራውን ጠብቆ ለመጨረስ ቻለ፤ ስሙ ሲጠራ ከሩጫው ቆም ብሎ መስማት ጀመረ፤ መውደቁና መጋጨቱም ቀነሰ። ሲሸነፍ ማልቀሱና ጠዋት ለመልበስ መለገሙ ግን እንዳለ ነው፤ እነዚህን ክኒን አይነካቸውም። ብዙ ወላጅ የሚፈራው መደንዘዝ አንድ ጊዜ፣ መጠኑ ከፍ ባለበት ሰሞን፣ ታይቶበታል፤ ፊቱ ጭልም ብሎ ሳቁ ጠፋ። ሐኪሟ ይህ መጠኑ እንደበዛ የሚያሳይ ምልክት መሆኑንና ለመድኃኒቱ የሚከፈል የግድ ዋጋ አለመሆኑን አስረድተው ሲቀንሱት ልጁ ወደ ራሱ ተመለሰ። የምሳ ፍላጎቱ ግን እስካሁን ደካማ ነው፤ ስለዚህ ቁርሱን ከክኒኑ በፊት ጠገብ እንዲል፣ ማታም ዘግየት ብሎ እንዲበላ እናደርጋለን። መድኃኒቱ ሲለቀው ለአጭር ጊዜ የሚነጫነጭበት ሰዓትም አለ፤ በዚያ ሰዓት ምንም ትእዛዝ አለመስጠት የተሻለ መፍትሔ ሆኖ አግኝተነዋል።

እንደ ዕቃ ስገመግመው ትልቁ ጉድለቱ ለትንሽ ልጅ የማይመች መሆኑ ነው። ክኒን መዋጥ ለማይችል ልጅ የሚታኘክና ፈሳሽ ዓይነት ቢኖርም በሁሉም ቦታ አይገኝም፤ ረጅም ጊዜ ከሚሠሩት ክኒኖች አብዛኞቹን ደግሞ መፍጨትም ሆነ ማኘክ አይፈቀድም። ሱስ አስይዞ ያሳድገዋል የሚለውን ስጋት በተመለከተ፣ በልጅነታቸው የታከሙ ልጆች ካልታከሙት ይልቅ ኋላ ላይ ለአደንዛዥ ዕፅ እንደሚጋለጡ ጥናቶች አላሳዩም፤ ሆኖም መድኃኒቱ ያልታዘዘለት ሰው ሊወስደው የሚችል ስለሆነ በቁልፍ መቀመጥ አለበት።

የሚሰጠውም ጥቅም የዛሬ ጥቅም ነው። ትምህርት ቤት በገቡ 579 ልጆች ላይ የተደረገውና የመጀመሪያ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የአሜሪካ ጥናት በ14 ወራት ውስጥ በጥንቃቄ የተሰጠ መድኃኒት የኤዲኤችዲን ምልክቶች በመቀነስ ረገድ ከባሕርይ ሕክምና ብቻውን የበለጠ መሆኑን አሳይቷል፤ በሦስተኛው ዓመት ግን በቡድኖቹ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቷል። ስለዚህ «ከአሁኑ ካልጀመርነው ዕድሉ ያመልጠዋል» ብሎ የአራት ዓመት ልጅን ለማስጀመር የሚያስቸኩል ማስረጃ የለም። በሌላ በኩል በየሳምንቱ ጉዳት የሚደርስበትን፣ ከመዋዕለ ሕፃናት የሚባረርን ወይም እኩዮቹ ሁሉ የሚሸሹትን ልጅ ያለ መድኃኒት ማቆየትም የራሱ ጉዳት አለው፤ ይህን ጉዳት «ክኒን አልሰጠሁትም» የሚለው እፎይታ ሊሸፍነው አይገባም።

የእንግሊዙ መመሪያ መድኃኒቱ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ያስፈልግ እንደሆነ እንደገና እንዲመረመር ይመክራል፤ ለጊዜው አቁሞ ማየትም የዚህ አካል ሊሆን ይችላል። እኛም ከሐኪሟ ጋር የተስማማነው ክብደቱ ከዕድገት መስመሩ ከወረደ መጠኑን ልንቀንስ ወይም ልናቆም፣ ካልወረደ ደግሞ ትምህርት ተጀምሮ መምህርቷ ልጁን ከለመደችው በኋላ ለአጭር ጊዜ አቁመን መጠይቁን እንደገና ልንሞላ ነው፤ በሁለቱ መጠይቆች መካከል ልዩነት ካልታየ ክኒኑን አንመልስም።