የማክስ ሆሎዌይን ፋይቶች ከአንድ ጀምሮ በተራ ለማየት የገዛሁት አፕ፣ ይኸው ሪቪው

መጀመሪያ ለምን እንደገዛሁት ልናገር። ታናሽ ወንድሜ ኪክቦክሲንግ ከጀመረ አመት ሊሞላው ነው፣ ስልኩን ብታዩት ከላይ እስከታች ሰው ሲዘረር የሚያሳይ የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ታዲያ ከ2 ወር በፊት ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) ላይ በእድሜ ከሱ በሚያንስ ልጅ ተበልጦ መጣና ጓንቱን አልጋ ስር ከቶ ሳምንት ሙሉ ጂም አልሄድም አለ፣ ብናባብለው ብንቆጣው ወይ ፍንክች። ያኔ ነው ይሄ ልጅ ሽንፈት አይቶ አያውቅም እኮ ያልኩት፣ የሚያየው የሚያሸንፉትን ብቻ ነዋ። እኔ ደግሞ የዩኤፍሲውን (ቦክስ፣ ካልቾና ትግል የተቀላቀለበት ውድድር) ፋይተር ማክስ ሆሎዌይን ከድሮም ነፍሴ ትወደዋለች፣ ስለዚህ የሱን ፋይቶች ከመጀመሪያው ጀምሮ በተራ፣ ምንም ሳንዘል፣ የተሸነፈባቸውንም ጭምር አብረን እንያቸው ብዬ የድሮ ፋይቶች የተጠራቀሙበት አንድ አፕ ላይ ሰብስክራይብ አደረኩ።

የአፑን ስም አልጠራም፣ ማስታወቂያም ስም ማጥፋትም እንዲመስልብኝ አልፈልግም፣ እንዲህ አይነት አርካይቭ ለመግዛት ለምታስቡ ግን ልምዴ ይጠቅማችኋል። አከፋፈሉ በዶላር ካርድ ብቻ ስለሆነ አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት የከፈለችልኝ፣ እዚህ አገር ያለ ሰው ይሄን አስቀድሞ ያስብበት። ጥራቱ ዋይፋይ ላይ በጣም አሪፍ ነው፣ ላብ ሲረጭ ሁሉ ይታያል፣ በሞባይል ዳታ ግን አንድ ባለ 5 ራውንድ ፋይት በከፍተኛ ጥራት ካያችሁ ፓኬጁ ድራሹ ይጠፋል፣ ወደ 480 አውርዱት። ሰርቹ ደካማ ነው፣ ስሙን ጽፋችሁ ስትፈልጉ ፋይቶቹን በቀን ተራ አያወጣም፣ የ2021ን ከ2014 በፊት ያመጣላችኋል፣ እኛ መጨረሻ ላይ በደብተር ዝርዝሩን ጽፈን እያየን አንድ በአንድ እየሰረዝን ነው የሄድነው። (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ሃዋይ ውስጥ ፕሮፌሽናል ሆኖ የተጋጠማቸውን የመጀመሪያዎቹን 4 ፋይቶች ደግሞ ጭራሽ አላገኘኋቸውም፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

ለማያውቁት፣ ማክስ በ1991 የተወለደ የኦዋሁ ደሴት ልጅ ነው፣ ያደገው ዋያናይ የምትባል በደሴቷ ምዕራብ ያለች ኑሮ የከበዳት የባህር ዳር ከተማ ነው፣ ዘሩ የሃዋይም የሳሞአም ነው። አባቱ ገና ልጅ እያለ ጥሎ ሄዶ እናቱ ናት ያሳደገችው። ከሱ በፊት ቢጄ ፔን የሚባል የሂሎ ልጅ በሁለት የክብደት ምድብ ሻምፒዮን ሆኖ ለደሴቶቹ ልጆች መንገዱን ከፍቶላቸው ነበር፣ ማክስ በዛው መንገድ የመጣ ነው።

ተራውን የጀመርነው ከፌብሩዋሪ 2012 ነው። ላስቬጋስ፣ ዩኤፍሲ 143፣ ማክስ ገና 20 አመቱ፣ 4 ፋይት ብቻ ይዞ በተጎዳ ሰው ቦታ ተተክቶ የመጣ፣ ከደስቲን ፖሪዬ ጋር። ወንድሜ "በዝረራ ነው አይደል ሚያሸንፈው?" አለኝ፣ ዝም አልኩት። ፖሪዬ መሬት ላይ ወስዶ በእግሩ አንቆ እጁን ጠምዝዞ በመጀመሪያው ራውንድ ታፕ አስደረገው (በእጁ መታ መታ አድርጎ ተሸነፍኩ አስባለው)። ወንድሜ ስክሪኑን አይቶ አይቶ "ይሄ ራሱ ነው?" አለ። ራሱ ነው። ለዚች አንዲት ጥያቄ ስል ብቻ የከፈልኩት ገንዘብ አልቆጨኝም።

ከዛ ሶስት አሸነፈ፣ በ2013 ግን ዴኒስ በርሙዴዝ በተከፋፈለ የዳኞች ውጤት፣ ከዛ ኮነር ማክግሪጎር ቦስተን ላይ በነጥብ አሸነፉት። ሁለት ተከታታይ ሽንፈት፣ 21 አመቱ። ሃይላይት ላይ ይሄን አታዩትም። ከ2014 መጀመሪያ እስከ 2018 መጨረሻ ግን 13 ተከታታይ ድል፣ አስራ ሶስት! እሱን በተራ ስታዩት የሚገርማችሁ ልጁ በአንዴ አለመለወጡ ነው፣ በእያንዳንዱ ፋይት አንድ ነገር ይጨምራል፣ አንዴ ጃቡ (ከፊት ባለው እጅ የሚሰነዘረው ቀጥታ ቡጢ) ይረዝማል፣ አንዴ ሆድ መምታት ይጀምራል፣ አንዴ ሊጥሉት ሲሞክሩ ዳሌውን የሚያሸሽበት መንገድ ይቀየራል። ወንድሜ እዚህ ጋ ነው ደብተሩን ከእጄ የወሰደው፣ ከዛ በኋላ በየፋይቱ ጎን የራሱን ማስታወሻ መጻፍ ጀመረ።

ከነዚህ ውስጥ አንዱን ለብቻው ላንሳ፣ ጁን 2016፣ ሪካርዶ ላማስ። ፋይቱን በነጥብ እየመራ፣ ሊያልቅ 10 ሰከንድ ሲቀረው የእንጨቷ ማንቂያ ቀጭ ስትል ማክስ ኬጁ (የሚጋጠሙበት የታጠረ መድረክ) መሃል ላይ ቆሞ በጣቱ መሬቱን ጠቆመ፣ እዚህ ጋ ና፣ አንሸሽም ማለቱ ነው። ላማስም መጣና ሁለቱም አይናቸውን ጨፍነው ተሰነዛዘሩ። ደብተሩ ላይ "10 ሰከንድ፣ ጣት" ብለን ጻፍን፣ ይሄን ያዙልኝ እመለስበታለሁ።

ዲሴምበር 2016 ቶሮንቶ ላይ አንቶኒ ፔቲስን አሸንፎ ጊዜያዊ ቀበቶ ወሰደ፣ ጁን 2017 ደግሞ ሪዮ ሄዶ ሆዜ አልዶን በገዛ አገሩ ህዝብ ፊት 3ኛው ራውንድ ላይ ዘረረው፣ የፌዘርዌይት (145 ፓውንድ፣ 65.8 ኪሎ) ሻምፒዮን ሆነ፣ ዲሴምበር ላይ ዲትሮይት እንደገና ተገናኙና አሁንም 3ኛው ራውንድ። የሪዮው ፋይት ላይ ኮሜንታሪውን ዝቅ አድርጋችሁ እዩት፣ መጀመሪያ የነበረው ጩኸት ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚጠፋ ትሰማላችሁ፣ አፑ ላይ የድምጹ ጥራት በጣም ደስ የሚለው ለዚህ ለዚህ ነው።

2018 ለሱ ክፉ አመት ነበር፣ ከካቢብ ጋር በ6 ቀን ማስታወቂያ ልጋጠም ብሎ ሚዛን የሚወጣበት ቀን ሃኪሞች አይሆንም አሉት፣ ጁላይ ላይ ደግሞ ከኦርቴጋ ጋር ሊገጥም ሲል በጤና ምክንያት ተሰረዘ። እነዚህ ፋይት ስላልሆኑ አፑ ላይ የሉም፣ ስለዚህ ዝም ብላችሁ ብታዩ 1 አመት የት እንደገባ አይገባችሁም። ዲሴምበር ላይ ተመልሶ ኦርቴጋን ለ4 ራውንድ ደብድቦ ሃኪም ነው ያስቆመው። ያ 13ኛው ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል። 2019 ላይ ከሱ ከፍ ወዳለው ምድብ ወደ ላይትዌይት ወጥቶ ፖሪዬ እንደገና አሸነፈው፣ ዲሴምበር ላይ ደግሞ አሌክሳንደር ቮልካኖቭስኪ ቀበቶውን ወሰደበት። ጁላይ 2020 አቡዳቢ ሁለተኛው ግጥሚያ፣ በኮሮና ምክንያት ስልጠናውን በዙም ያደረገበት፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ራውንዶች ማክስ ሁለት ጊዜ ጥሎት 48 ለ47 በተከፋፈለ ውጤት የተሸነፈበት። እኔ ዛሬም ማክስ ነው ያሸነፈው እላለሁ፣ ሶስት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ሶስቱንም ጊዜ 1፣ 2 እና 3ን ለሱ ነው የሰጠሁት። አፑ እዚህ ጋ አበሳጭቶኛል፣ 5ኛው ራውንድ መሃል ላይ ቪዲዮው ተንቀራፎ ቆመ፣ ስንከፍተው ከመጀመሪያው ጀመረ፣ የት እንደደረስን አይዝም። በ2022 ሶስተኛው ግጥሚያ ግን ክርክር የለውም፣ ሶስቱም ዳኞች 50 ለ45፣ ፊቱ ተቀዶ ደም በደም ሆኖ 5 ራውንድ ሙሉ ቆመ። ወንድሜ ያንን እስከመጨረሻው አየና ምንም ሳይል ሄዶ ተኛ።

በመሃል የሆነችውን ጃንዋሪ 2021ን ግን ሳላወራ ብቀር ይቆጨኛል። አቡዳቢ፣ ካልቪን ኬተር። ከቮልካኖቭስኪ ሁለት ሽንፈት በኋላ ሰው አለቀለት ሲል የመጣ። 25 ደቂቃ ውስጥ 445 ጠንካራ ምት አሳረፈበት፣ 746 ሰንዝሮ፣ ሪከርድ ነው፣ 4ኛው ራውንድ ላይ ብቻ 141። የመጨረሻው ራውንድ ላይ ማክስ ፊቱን ወደ ኮሜንታተሮቹ አዙሮ የዩኤፍሲ ምርጥ ቦክሰኛ እኔ ነኝ እያለ ሲያወራ ኬተር ይሰነዝራል፣ እሱ ግን ወደሱ ሳያይ ጭንቅላቱን ብቻ ዞር እያደረገ ያመልጠዋል። ይሄን በዝግታ እዩት፣ አፑ በግማሽ ፍጥነት ማጫወት ይችላል፣ ትከሻው ቀድሞ ነው የሚንቀሳቀሰው። ያኔ ማክስ ራሱ እንደተናገረው ጂም ውስጥ ከባድ ስፓሪንግ ማድረግ ትቶ ነበር። ወንድሜ ይሄን ስነግረው "ታዲያ እኔን ለምን በየቀኑ ያስደበድቡኛል" አለኝ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ አሰልጣኙን ሄዶ ጠየቀውና አሁን በሳምንት አንዴ ብቻ ሆኗል።

እና ኤፕሪል 2024፣ ዩኤፍሲ 300፣ ጀስቲን ጌይቺ። እዚህ ጋ ከአፑ ትልቁን ጥፋት ልናገር፣ የቪዲዮው ርዝመት ገና ሳትከፍቱት ይታያል። ቪዲዮው 17 ደቂቃ ከሆነ ቶሎ አልቋል ማለት ነው፣ 40 ከሆነ ሁሉንም ራውንድ ሄዷል፣ ለማያውቅ ሰው ልብ አንጠልጣይነቱን ይገለዋል፣ የሚደበቅበት ሴቲንግም አላገኘሁም፣ እኔ ቪዲዮውን ራሴ እየከፈትኩ የስክሪኑን ታች በእጄ ሸፍኜ ነበር የምሰጠው። ይሄኛው ፋይት ላይ ግን ርዝመቱም አይረዳም፣ ምክንያቱም 5 ራውንድ ሙሉ ሄዶም በነጥብ አላለቀም። 1ኛው ራውንድ ማብቂያ ላይ ማክስ በካልቾ የጌይቺን አፍንጫ ሰበረው፣ ከዛ እየመራ እየመራ 5ኛው ደረሰ፣ ዝም ብሎ ቢሸሽ ያሸንፋል። እንጨቷ ቀጭ አለች። ማክስ መሃል ላይ ቆመና ጣቱን ወደ መሬት ጠቆመ። ወንድሜ "ላማስ!" ብሎ ጮኸ፣ የ2016ን ማለቱ ነው። ጌይቺም ግንባሩን አስቀድሞ ገባ፣ 8፣ 7፣ 6፣ ሁለቱም እየተቀባበሉ፣ 1 ሰከንድ ሲቀረው የማክስ ቀኝ እጅ አገኘውና ጌይቺ በፊቱ ተደፋ። 4 ደቂቃ ከ59። ሁለታችንም ከሶፋው ተነስተን ስንጮህ እማዬ ምን ሆናችሁ ብላ ከጓዳ ወጣች፣ ሪፕሌዩን አይታ "ልጁ ተረፈ?" ነው ያለችው፣ አዎ ተነስቷል ብዬ ወደፊት አስኪጄ እስካሳያት ድረስ አልሄደችም። በዛች ምሽት ማክስ ያገኘው ቦነሱ ብቻ 600 ሺህ ዶላር ነው ስላት ደግሞ "ለእናቱ ይላክላት" አለች።

ይሄን ፋይት ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ግን ሃይላይት ብቻ ያየ ሰው የጣቷ ነገር የ8 አመት ታሪክ እንዳላት አያውቅም።

ኦክቶበር 2024 አቡዳቢ ላይ ኢሊያ ቶፑሪያ ገና ሲጀመር ራሱ መሃል ላይ ቆሞ ለማክስ መሬቱን ጠቆመለት፣ ማክስ ወደኋላ አለ። 3ኛው ራውንድ ላይ ተዘረረ፣ በህይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ። ለኔ ለማየት ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው፣ ወንድሜ ግን ተረጋግቶ አይቶ "ግራ እጁ ወርዶ ነበር" ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ።

የመጨረሻው ያየነው ጁላይ 2025 ኒው ኦርሊንስ ነው፣ በፖሪዬ ስቴት፣ የፖሪዬ የስንብት ፋይት፣ ሶስተኛው ግጥሚያቸው። ከ13 አመት በፊት ታፕ ያስደረገው ሰው። ማክስ በሁሉም ዳኞች በነጥብ አሸነፈ፣ የመጨረሻዎቹን 10 ሰከንዶችም ሁለቱም መሃል ላይ ቆመው ተለዋወጡ። እስከዚህ 31 የዩኤፍሲ ፋይት፣ ከመጀመሪያዎቹ 4 ጋር ሲጠቃለል 27 አሸንፎ 8 ተሸንፎ። የሚያሳዝነው ከዩኤፍሲዎቹ ውስጥ አንዱም ሃዋይ ላይ አልተደረገም፣ ስንት አመት ሙሉ አገሬ ላይ አጋጥሙኝ እያለ፣ እናንተ አዘጋጆች በእግዚአብሔር ይሄን ልጅ አንዴ ሆኖሉሉ ላይ አጋጥሙት።

እና ይገዛ ወይ? አንድ ፋይተር መርጣችሁ ከታች እስከላይ በተራ ለማየት ከሆነ አዎ፣ ከ5 4 እሰጠዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ለሰርቹ፣ ለርዝመቱና ቆም ያልንበትን ባለመያዙ ነው። ትልልቅ ኖክአውቶች ብቻ ማየት ለሚፈልግ ሰው ግን አያስፈልገውም፣ ገንዘቡን ይያዝ። ከ2 ወር በላይ በአንዴ አትክፈሉ፣ 31 ፋይት በሳምንት 4 እያያችሁ በ2 ወር ይበቃል፣ እና የሚያበቃበትን ቀን ስልካችሁ ላይ አላርም አድርጉ ምክንያቱም በራሱ ነው የሚቀጥለው፣ በሰው ካርድ ስትከፍሉ ደግሞ ይሄ ነገር ያሳፍራል።

የኛ 9 ቀን ቀርቶታል። ጓንቱ ከአልጋ ስር ወጥቷል፣ ደብተሩ አዲስ ገጽ ላይ ነው፣ ትናንት ማታ ስገባ ወንድሜ ቢጄ ፔንን ከመጀመሪያው ጀምሮ አገኘኋቸው ብሎ ስክሪኑን ታች በእጁ ሸፍኖ ሲጠብቀኝ ነበር።